በሦስት እሁድ የገዛሁት ሞተር

ይህ ነገር ከሆነ ዘንድሮ ሁለተኛ ክረምቱን ያዘ። ብዙ ሞተር ገዝቼ ብዙ ሸጫለሁ፤ የአብዛኞቹን ቀለም እንኳን አላስታውስም። ይህኛውን ግን ልርሳው ብልም አልችልም። አንደኛ ነገር እስከ ዛሬ ጋራዤ ውስጥ ቆሟል። ሁለተኛ ነገር፣ በሥራዬ አልሳሳትም እያልኩ ደረቴን ስነፋ የኖርኩትን ሰውዬ ልክ ያስገባኝ እሱ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ የሞተር ጋራዥ አለኝ። የዕለት እንጀራዬ ባጃጅ ነው፤ ልቤ ያለው ግን አሮጌ ሞተር ላይ ነው። አባቶቻችን የነዱትን፣ ዛሬ ዶሮ የሚያድርበትን ሞተር ከየገጠሩ ፈልጌ እገዛለሁ። ፈትቼ፣ አጥቤ፣ የጎደለውን ሞልቼ እንደ ሙሽራ አስጊጬ አወጣዋለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለውን ሞተር ሲያዩ ዓይናቸው እንባ የሚያቀር ሰዎች አሉ፤ እነሱ ከእኔ ይገዛሉ።

የዚህ ሥራ ችግሩ ሊብሬ ነው። የአሮጌ ሞተር ሊብሬ ወይ አይጥ በልቶታል፣ ወይ ከቤት ጋር ተቃጥሏል፣ ወይ የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቼ ሊብሬ የለውም ከተባለ ሞተሩን ዞር ብለው አያዩትም። እኔ ግን አልፈራም። አሁንም አልፈራም። የቀበሌ ደብዳቤ አጽፋለሁ፣ ሦስት ምስክር ያለበት ውል እዋዋላለሁ፣ የሻንሲ ቁጥሩ በስርቆት የሚፈለግ አለመሆኑን አጣራለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት የራሴ ዘዴ አለኝ።

የመጀመሪያው ሦስት ጥያቄ ነው። ማን ነዳው? ለምን ቆመ? ማን ተቀየመበት? ሦስቱንም ያልመለሰልኝን ሰው ሞተር በነፃ ቢሰጠኝ አልወስድም።

ሁለተኛው ሦስት እሁድ ነው። ሞተሩ ባለበት መንደር ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ካህኑ ለሕዝቡ እንዲናገሩልኝ አደርጋለሁ። «የእገሌ ሞተር ሊሸጥ ነው። የእኔ ነው የሚል፣ ወይም ባለቤቱ ሌላ መሆኑን የሚያውቅ ይናገር። እያወቀ የደበቀ ግዝት ይሁንበት» ይላሉ። ሕዝቡም «ይሁን» ይላል። ግዝት በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚዋሽ ሰው መስቀል ፊት ሲቆም እውነቱን ያወጣል። የተገዘተ ሰው አይቆርብም፣ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ነው የሚጸልየው፣ ቢሞትም ለፍታቱ ሰው ይጨነቃል። ሦስት እሁድ ተነግሮ ማንም ካልተነሣ ሞተሩ ጥያቄ የለበትም ማለት ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ሊብሬ አልነበረም።

ያን ዓመት በጥቅምት አንድ የባጃጅ ደንበኛዬ ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ ባለ መንደር፣ ከአንድ ጎተራ ጀርባ፣ ቀይ ሞተር ማየቱን ነገረኝ። በማግስቱ ወጣሁ። መኪና ከሚያደርሰው በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ነው። የጮቄ ብርድ ጆሮዬን ሲቆርጠው ገብሱ ገና አልታጨደም ነበር።

ቤቱ የእማማ ጥሩወርቅ ነው። ባለቤታቸው አያ ሞላ ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል። እማማ ሞተሩን መሸጥ የፈለጉት ቤታቸው እያፈሰሰ ስላስቸገራቸው ነው። «ብር አትስጠኝ፤ ብር ይበተናል። ቆርቆሮ አምጣልኝ» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። እንዲህ ያለ ሻጭ እወዳለሁ።

ጎተራው ያለበት አሮጌ ቤት ውስጥ ገብቼ ጆንያውን ስገልጠው ልቤ ዘለለ። ሞተሩ በሁለት የጥድ ጉማጅ ላይ ተሰቅሏል፤ ጎማዎቹ መሬት አይነኩም። የነዳጅ ታንኩ ተንጠፍጥፎ ደርቋል። ካንዴላውን ፈትቼ ባሸተው ውስጡ ዘይት ተደርጎበታል። ካቴናው ከዳር እስከ ዳር ሞራ ተቀብቷል። ሠላሳ ዓመት የቆመ ሞተር እንዲህ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ብረት አይዋሽም ብዬ የማምን ሰው ነኝ፤ ይህ ብረት ደግሞ ወዳጅ እንደነበረው ይናገራል።

ጥያቄዬን ጀመርኩ።

«እማማ፣ ይህን ሞተር ማን ነበር የሚነዳው?»

«ማንም ሲነዳው አላየሁ። የፊት ሚስቱ ሞታ እኔ ተድሬ ስመጣ እዚሁ ነበር። በየበዓሉ ይወለውለዋል፣ መልሶ ይሸፍነዋል። አንድ ቀን እንኳን አልተቀመጠበትም።»

«ታዲያ የእሳቸው መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ጥያቄው አልጣማቸውም።

«ልጄ፣ በባሌ ቤት ያለ የባሌ ነው። አገሩስ ቢሆን ‹ሞላ የገዛው ሞተር› አይደል የሚለው? ውጣና ጠይቅ።»

ወጥቼ ጠየቅኩ። አገሩ አንድ ቃል ነበር። አያ ሞላ በደርግ መጨረሻ ገደማ ሞተሩን ገዝቼዋለሁ ብለው ነግረዋቸዋል። በእሳቸው የተቀየመ ሰው ይኖር እንደሆነ ብጠይቅ ጎረቤቱ ሳቀብኝ። «ሞላ? ዝንብ እሽ የማይል ሰው!»

ለምን ቆመ የሚለውን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም። እኔው ራሴ መለስኩት። ስስት ነው አልኩ። ገዝቶ፣ ሳስቶ፣ ሳይነዳው የሞተ ሰው። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ አዲስ ጋቢ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው በአሮጌው የሚቀበሩ። ኪሎ ሜትሩ ጥቂት በመሆኑ ይብስ ደስ አለኝ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ የትም አይደለም።

ከዚያ ሦስቱ እሁድ መጣ። የአጥቢያው ካህን መምሬ ተገኝ ይባላሉ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ከአካላቸው የሚበልጥ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው «እኔን የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ልታደርገኝ ነው?» ብለው ቀለዱብኝ፤ ግን እምቢ አላሉም። በመጀመሪያው እሁድ ተናገሩ፤ ዝም። በሁለተኛውም ዝም። በሦስተኛው እሁድ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «እያወቀ የደበቀ፣ እያየ ዝም ያለ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል የተገዘተ ይሁን» አሉ። ሕዝቡ «ይሁን» አለ። እኔም ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ነበር። ከሁሉም አስበልጬ «ይሁን!» ያልኩት እኔ ነኝ። ደስታዬ ነዋ!

ቆርቆሮውን መኪና እስከሚያደርሰው በአይሱዙ፣ ከዚያ በሰው ሸክም አወጣሁላቸው፤ ሞተሩንም እየገፋን አውርደን በዚያው አይሱዙ ጭኜ ወረድኩ። አዲስ አበባ ላለው ገዢ ፎቶ ብልክለት ወዲያው ደወለ። «ሊብሬስ?» ሲለኝ «አታስብ፣ ሁሉም ነገር በእጄ ነው» አልኩት። በጊዜው እውነት መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ሞተሩን መፍታት ጀመርኩ። የፊት መብራቱን ብሎን በካቻቢቴ ፈትቼ መስተዋቱን ሳወጣ ከጀርባው የተጠቀለለ ነገር ወደቀ። በሰም የተነከረ ጨርቅ ነው። ሰሙ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። በምላጭ ቀድጄ ስከፍተው አንድ የታጠፈ ሊብሬ ወጣ። እርጥበት አልነካው፣ አይጥ አልደረሰበት፣ ትናንት የተጻፈ ይመስላል።

ስሙ ግን ሞላ አይልም። ፈንታሁን ይላል፣ ከነአባቱ። አድራሻው ጉንደ ወይን ነው።

የሻንሲ ቁጥሩ ላይ ወረቀት አድርጌ በእርሳስ አሸሁት። ሕይወቴን ሙሉ ቁጥር እንዲገጥም ስመኝ የኖርኩ ሰው ያን ቀን እንዳይገጥም ተመኘሁ። አንድ በአንድ አነበብኩ። አንድም አልሳተም።

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የታየኝ ወረቀቱ አይደለም፤ የክብሪቱ ቦታ ነው። አንድ ወረቀት ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሦስት እሁድ አስነግሬያለሁ፣ ውል አለኝ፣ የቀበሌ ደብዳቤ አለኝ። ማን ያውቃል?

ባለቤቴ ምሳ ይዛልኝ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ከትከሻዬ በላይ አንብባ ጨረሰች።

«ፈንታሁን ማነው?»

«እኔ'ንጃ። የሞተ ሰው ይሆናል።»

«ይሆናል ነው ወይስ ሞቷል?»

ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት። የምሳ ዕቃውን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ባለፈው ስትነግረኝ ‹እያወቀ የደበቀ› ብለው ገዘቱ አላልከኝም? አንተስ ከሰው ጋር ቆመህ ‹ይሁን› አላልክም? እንግዲህ አሁን የሚያውቅ ማነው?»

ምሳውን አልበላሁትም። ሰውን ላስርበት ያጠመድኩት ገመድ የገዛ እግሬን ያዘው። ገመዱን ደግሞ እኔው ነኝ የገመድኩት፤ ማንን እወቅሳለሁ?

ሁለት መንገድ ነበረኝ፤ ሁለቱም አይጥሙም። ብደብቅ ግዝቱ በእኔ ላይ ነው። ብናገር ደግሞ አያ ሞላ ሌባ ሊባሉ ነው። የሰው ሞተር ሰርቆ፣ ገዛሁ ብሎ አገር አታሎ፣ ሊብሬውን መብራት ውስጥ ሸሽጎ የሞተ ሰው። የተቀበሩት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። እማማ ጥሩወርቅ በየእሁዱ በመቃብራቸው አጠገብ አልፈው ነው የሚያስቀድሱት። የሚጠለሉት ደግሞ በዚያ ሞተር በተገዛ ቆርቆሮ ሥር ነው። በሬሣ ላይ ስም መለጠፍ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ለቀሩት ነው።

በመጣው እሁድ እዚሁ ከተማ ልሳለም ሄጄ ከበሩ አላለፍኩም። ውጭ ቆሜ ተሳልሜ ተመለስኩ። ጓደኞቼ አዩኝ፤ ምን ሆንክ ብለው አልጠየቁኝም፤ ያ ደግሞ ይብሳል። ማክሰኞ ጋራዤን ዘግቼ ወደ መምሬ ተገኝ ወጣሁ።

«ይፍቱኝ አባቴ» አልኳቸው።

«ምን አድርገህ?»

ሊብሬውን ሰጠኋቸው። ራቅ አድርገው፣ ቀረብ አድርገው አነበቡት። አጥፈው መለሱልኝ።

«እኔ የገዘትኩት ነገሩ እንዲገለጥ ነው። ሳይገለጥ ብፈታህ አልፈታሁህም። ሰውየው በሕይወት ካለ እሱን አምጣ፤ ከሌለ ወራሹን።»

«እማማ ጥሩወርቅስ? አያ ሞላስ?»

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው ልጄ። ሥሩን ሳታይ የሞላን ስም አታንሣ። እኔም እስክትመለስ አላነሣም።»

በማግስቱ ሚኒባስ እየቀያየርኩ ጉንደ ወይን ገባሁ። ስሙን ከጠራሁ በኋላ ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። «ፎቶ አንሺው ፈንታሁን ነው? ያውልህ» አሉኝ። ከመንገዱ ዳር ፎቶ ኮፒ የሚነሣበትና ጉርድ ፎቶ የሚነሣበት ጠባብ ቤት ነው። ነጭ ፀጉር ያላቸው ሰው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀት ይቆርጣሉ። ያን ሁሉ መንገድ ሞቶ በሆነ እያልኩ ነበር የመጣሁት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

«ጋሼ፣ ድሮ ሞተር ነበረዎት?» አልኳቸው ሰላምታ ሰጥቼ።

መቀሱን አቆሙ።

«ነበረኝ። ገበያ ለገበያ እየዞርኩ ፎቶ የማነሣበት። ተበላሁ።»

«ማን በላዎት?»

«ከሮብ ገበያ ወዲያ ያለ፣ ሞላ የሚሉት አደራ በላ። ወንድሜ ነው ያልኩት ሰው። ለዘመቻ ተጠርቼ ስሄድ ሞተሬን ከነሊብሬው ሰጠሁት፤ ‹አደራ ሞላ፣ ከተመለስኩ እወስደዋለሁ› አልኩት። ከስንት ዓመት በኋላ ነፍሴ ተርፋ ስመለስ ‹ገዝቼዋለሁ ይላል› አሉኝ። ሳልሸጥለት ገዛ! ሄጄ ፊቱን ላየው እንኳን ተጸየፍኩ። አንተ ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ሊብሬውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«ከየት አገኘኸው?»

«ከፊት መብራቱ ውስጥ፣ በሰም ጨርቅ ተጠቅልሎ።»

ከዚያ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሙያዬ ነውና እዚህ ላይ እርግጠኛ ነበርኩ። «ጋሼ፣ የጥድ ጉማጅ ላይ የተሰቀለው ጎማው እንዳይበሰብስ ነው። ታንኩ የተንጠፈጠፈው እንዳይዝግ ነው። ዘይት ውስጡ የተደረገው ፒስተኑ ዝጎ እንዳይጣበቅ ነው። ሊነዳው ያሰበ ሰው ይህን ሁሉ አይደክምም፤ ይነዳዋል። ሊሸጠው ያሰበም ሊብሬውን መብራት ውስጥ አይቀብርም። አንድ ቀን እንኳን አልተቀመጡበትም። እንዲህ የሚያስቀምጥ ሰው ባለቤቱን የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው።»

ይህን ስናገር ለራሴም የገባኝ ያኔ ነው። ለምን ቆመ ለሚለው ጥያቄ ብረቱ ከመጀመሪያው ቀን መልሶልኝ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ፈንታሁን ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ ለምን ገዛሁ አለ?»

ይህን አላውቅም ነበር። አላውቅም አልኳቸው።

«መሞቱን ሰምቼ ነበር። ለቀብሩ አልሄድኩም። በደስታ አልሄድኩም፤ ታውቃለህ? ቤቴ ቁጭ ብዬ ምሳ በላሁ።» መቀሱን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። «እሁድ ይዘኸኝ ሂድ» አሉኝ።

እሁድ ሄድን። ዳገቱን ሲወጡ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ፈረስ ተከራየሁላቸው። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሊበተን ሲል መምሬ ተገኝ «ቆዩ» አሉ። የሞተሩ ባለቤት መገኘቱን ተናገሩ። ቅጥሩ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ እማማ ጥሩወርቅ ዞረ። እማማ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የጠላሁት ደቂቃ የለም። ይህን ሁሉ የጎተትኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ፈንታሁን ወደ ፊት ወጡ። ሞተሩን በአደራ መስጠታቸውን፣ የሰሙትን፣ የተቀየሙትን ተናገሩ። ከዚያ ለእኔ ያቀረቡትን ጥያቄ ለሕዝቡ አቀረቡ። «ሞላ ለምን ገዛሁ እንዳለ የሚያውቅ አለ?»

መልሱ የመጣው ከራሳቸው ከመምሬ ተገኝ ነው።

«እኔ አውቃለሁ፤ ማወቄን ግን ያወቅኩት በዚህ ሳምንት ነው» አሉ። «መንግሥት ሲለወጥ የዘመተ ሰው ንብረት ነው የተባለ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። ታጣቂዎች ሞላ ቤት ሲመጡ እኔ ደጁ ቆሜያለሁ። ‹ሞተሩ የማን ነው?› አሉት። በጎተራው በር ላይ ቆሞ ‹የራሴ ነው፤ ገዝቼዋለሁ› አለ። አፈሙዝ ደረቱ ላይ አድርገውበት እንኳን ቃሉን አልለወጠም። እኔም እውነት መስሎኝ ለንብረቱ የሚሞት ሰው ነው ብዬ ታዘብኩት። ያን ቀን የፈንታሁን ነው ቢል ሞተሩ ዛሬ የለም።»

«ኋላስ? ነገሩ ሲበርድስ?» አሉ ጋሽ ፈንታሁን።

«ኋላማ አንተ ሞተሃል ተብሎ መጣ፤ መመለስህን እዚህ የሰማ የለም። ወራሽ ይመጣል ብሎ ጠብቆ ይሆናል። እሱን እግዚአብሔር ያውቃል።»

ጋሽ ፈንታሁን ባርኔጣቸውን አወለቁ። ድምፃቸው አልተሰበረም፤ ጮክ ብለው ነው የተናገሩት።

«ሠላሳ ዓመት ያህል ይህን ሰው አደራ በላ ስል ኖሬያለሁ። በየሄድኩበት ተናግሬያለሁ። ዛሬ ደግሞ እናንተ ስሙኝ። ሞላ አደራዬን አልበላም። ሞላ ጠብቆልኛል፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ መቃብራቸውን አሳዩኝ አሉ። አሳየናቸው። እዚያ ያደረጉትን አልጽፍም፤ የእሳቸው ነው።

እማማ ጥሩወርቅ ከኋላችን ቆመው ነበር። ሲያለቅሱ ሳይ ነፃ የወጡበት ደስታ መሰለኝ። አልነበረም።

«አፉ ተይዞ ነው የሞተው» አሉን። «አሥራ አንድ ቀን አልተናገረም። በእጁ ብቻ ወደ ጎተራው ይቀስር ነበር። ይቀስራል፣ እኔ አይገባኝም፤ ይቀስራል፣ ዓይኑ እንባ ይሞላል። ርቦት መሰለኝ። ከጎተራው ገብስ አውጥቼ ቆላሁለት። ቆልቼ፣ አድቅቄ፣ በጥብጬ አጠጣሁት። ጎተራውን ሲያሳየኝ፣ እኔ ገብስ!»

ጋሽ ፈንታሁን እጃቸውን ያዟቸው። «እሱ ያልዎትን ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ደርሶኛል» አሏቸው።

እማማ ቤት ገብተን ምሳ በላን። እማማ ቆርቆሮውን አስነቅለው ሊመልሱልኝ ተነሡ፤ ጋሽ ፈንታሁን ቀና ብለው ጣራውን አዩና ሳቁ። «ሞተሬ ጣራ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ይተዉት። የሞላ የጥበቃ ዋጋ ነው» አሉ። የቆርቆሮው ገዢ እኔ እንደሆንኩ ማንም ትዝ አላለውም። እኔም ላስታውሳቸው አልደፈርኩም። መምሬ ተገኝ በመስቀላቸው ግንባሬን ነክተው «እንግዲህ ተፈትተሃል» አሉኝ፤ ያ ይበቃኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ፈንታሁን ደብረ ማርቆስ መጡ። ሞተሩን ገጥሜ ጨርሼዋለሁ። በሦስተኛው ምት ተነሣ። ድምፁን ሲሰሙ ተነሥተው ተቀመጡበት፤ ግን አልነዱትም። ጉልበታቸው እንደማይችል ያውቃሉ። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው አጠፉት።

«ይሽጡልኝ» አልኳቸው። የአዲስ አበባው ሰው ገና ተስፋ አልቆረጠም ነበር።

«አልሸጥም።»

«እንግዲያው ይውሰዱት።»

«ቤቴን አይተኸዋል፤ የት አቆመዋለሁ? አንተ ጋ ይቆይ። አደራ።»

ይህን ብለው ሊብሬውን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ቆርቆሮውን ላነሣባቸው ዳር ዳር ስል ገባቸው። «ሞላ ሠላሳ ዓመት ጠብቆ ነው ቆርቆሮ ያገኘ። አንተ ገና ምን ጠበቅህ?» ብለውኝ ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

የአዲስ አበባው ገዢ ቂል ነህ አለኝ። ይበል። እኔ አሁንም አሮጌ ሞተር እገዛለሁ፤ አሁንም ሊብሬ የለውም ሲባል አልሸሽም። ሦስቱን ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ አንዱንም ግን ራሴ አልመልስም። ሦስቱን እሁድም አስነግራለሁ፤ «ይሁን» ስል ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።

ቀዩ ሞተር ጋራዤ ጥግ ላይ ነው። ያንኑ የጥድ ጉማጅ ከእማማ ጥሩወርቅ አምጥቼ እሱ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ካቴናውን ሞራ እቀባለሁ፣ በየወሩ አስነሥቼ አጠፋዋለሁ። አልተቀመጥኩበትም። ጋሽ ፈንታሁን አንዳንዴ ይደውላሉ፤ ደኅና ነው እላቸዋለሁ። እንዲህ እንደለመድኩት ሊብሬ የሌለው ሞተር ይዤ ቀረሁ፤ ልዩነቱ የማን እንደሆነ ማወቄ ነው። ባለቤቴና ልጆቼም ያውቃሉ። እየደጋገምኩ እነግራቸዋለሁ፤ ሰለቸን እስኪሉኝ ድረስ። አንድ ቀን አፌ ተይዞ እጄን ወደ ጋራዡ ብቀስር፣ ገብስ እንዳይቆሉልኝ።